ስልሳ አንደኛዋ

ሮተርዳም፣ ኅዳር 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜና ለመምህሬ ለዶክተር አበጋዝ፣

ጤናዎ ከነቤተሰብዎ እንዴት ከርሟል? እኔ በእናቴ ጸሎትና በእርስዎ ምርቃት ደህና ነኝ። የምኖረው ሻርሎይስ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ቀጥ ያለ ገደል ስለሆነ ስወርድ ዞሬ በእጄም በእግሬም ነው የምወርደው። ሆስፒታሉ በትራም ሃያ ደቂቃ ነው።

ጋሼ፣ ባለፈው ሰኞ ያፈርኩትን ልንገርዎት። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ፕሮፌሰሩ «እናንተ አገር ትርፍ አንጀት ነው ብላችሁ ከምትከፍቷቸው ሰዎች ውስጥ ጤነኛ ሆኖ የሚገኘው ስንቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አንቆጥርም» አልኩ። እርስዎ ያስተማሩኝን «ከተጠራጠርክ ክፈት» የሚለውንም ጨመርኩበት። የሳቀ ሰው የለም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ ብቻ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ጻፉት።

ከስብሰባው በኋላ አንድ የታተመ ጥናት ሰጡኝ። ነገሩ ካጠራጠረ በሽተኛውን አስተኝቶ፣ ያው አንድ ሐኪም በየሦስት ሰዓቱ ሆዱን እየዳሰሰ ቢጠብቅ፣ በከንቱ የሚከፈተው ሆድ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። በመጠበቅ የሞተ የለም። እዚህ አገር መጽሔት ላይ የወጣ ነገር በወሩ ዋርድ ይገባል። እኛ ዘንድ እርስዎ ከመምህርዎ የሰሙትን እኔ ከእርስዎ ሰማሁ፣ አበቃ።

«ወፍራም ፖስታ ተከፍቶ ወር ይቀመጣል፤ ፍሬ ፍሬውን ብቻ ላክ» ስላሉኝ ውጤቱንና መደምደሚያውን፣ አራት ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ልኬያለሁ። የአሠራሩን ዝርዝር ትቼዋለሁ። መቼም ለእርስዎ ሆድ መዳሰስ የሚያስተምር የለም።

እናቴን ሲያገኟት ጉልበቷን ይሳሙልኝ።

ታዛዥዎ ባዩ

---

ወሎ፣ ጥር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለባዩ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። እናትህ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ለጥምቀት ከአምባው ወርደው ሁለት ቀን እኔ ቤት አደሩ። አክስት ብቻ አይደሉም፤ ወላጅ አልባ ሆኜ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና፣ ዛሬም ሲመጡ ሳህኔን ጨርሼ እንደሆነ ያያሉ። «ባዩ መች ይመጣል?» አሉኝ። «ትምህርቱን ሲጨርስ» አልኳቸው።

ደብዳቤህን አንብቤ አንድ ቀን ሙሉ በንዴት ጦፌ ዋልኩ። በስምንት ወሩ ለመምህሩ ወረቀት የሚልክ ተማሪ! «ከተጠራጠርክ ክፈት» ያልኩህ ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። እዚያ ሰው ሆዱን ሲቆርጠው የሰፈሩ ሐኪም ወዲያው አይቶ ይልከዋል። የእኛ ሰው መጀመሪያ ፌጦ ይጠጣል፣ ከዚያ ጠበል ይሄዳል፣ ከዚያ ቃሬዛ የሚሸከምለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ለመጠበቅ የተረፈ ሰዓት የለውም።

በማግስቱ ንዴቴ ሲበርድ መዝገቡን አውጥቼ ቆጠርኩ። አምና ከከፈትኳቸው ሰባ አራት ሰዎች የሃያ ሦስቱ ትርፍ አንጀት ምንም አልነበረበትም። ከሃያ ሦስቱ አንዷ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከማደንዘዣው ሳትነቃ ቀረች። አባቷ እጄን ስሞ ነው አስከሬኗን የወሰደው። ምንም አልነበረባትም፣ ባዩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ እጠብቃለሁ። በየሦስት ሰዓቱ እኔው ራሴ እዳስሳለሁ። ተማሪዎቼንም እንዲሁ አስተምራለሁ። ፎቶ ኮፒውን ሳሳያቸው አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙኝ፤ በራሴ አፍ ስነግራቸው እንዲህ ሰምተውኝ አያውቁም።

አበጋዝ

---

ሮተርዳም፣ ሰኔ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ አበጋዝ፣

የሰማይ የምድሩ ጌታ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ለፕሮፌሰሩ ተረጎምኩላቸው። ስለ ልጅቷ ያለውን ግን ዘለልኩት፤ የእኔና የእርስዎ ነው። «ይህ ሰውዬ የሚያደርገውን ከመዘገበው መጽሐፍ ይወጣዋል» አሉ። የዶክትሬት መጽሐፍ ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ልለምንዎት። የሚጠብቋቸውን ሰዎች ሁሉ ይመዝግቡልኝ፤ ዕድሜ፣ ሕመሙ ከጀመረ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደጠበቁ፣ መጨረሻው። ስም አያስፈልግም፤ ቁጥር ይበቃል። ስልሳ ሰው ካገኘሁ አንድ ምዕራፍ ይሆነኛል።

የነፃ ትምህርቱ ጊዜ በመስከረም ያልቃል። ትናንት ዴን ሃግ ሄጄ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ጠየቅሁ። ጥናቱ ካለ ይራዘማል አሉኝ። ለእናቴ ይህን አይንገሯት፤ በራሴ ጊዜ እጽፍላታለሁ።

ባዩ

---

ወሎ፣ መስከረም 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለባዩ፣

እንኳን ዘመን አሸጋገረህ። የሰላሳ ስምንት ሰው መዝገብ በዚህ ውስጥ አለ። ከሰላሳ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙ ሆዳቸው ሳይነካ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ የሞተ የለም። ያቺ ልጅ ዘንድሮ መጥታ ቢሆን ትድን ነበር እያልኩ በሄድኩበት አስባታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከአንተ መማሬ አያሳፍረኝም። ትንሽ ያሳፍረኛል እንጂ።

ያስመረቅኋቸው አምስት ልጆች በየክፍለ ሀገሩ ተመድበው ሄደዋል። ወረቀትህን በእጃቸው ገልብጠው ነው የያዙት።

እትዬ ገብስ ሲሰበሰብ ስለምትመጣ ብለው ጎተራውን እያስጠገኑ ነው። እኔ ምን ልበላቸው? የማላውቀውን አልናገር፣ የማውቀውን ከልክለኸኛል።

አበጋዝ

---

ወሎ፣ መጋቢት 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለባዩ፣

እግዚአብሔር ያበርታህ። ከሰላሳ ዘጠኝ እስከ ስልሳ አንድ ያለውን መዝገብ ልኬያለሁ። እንዳለ ነው፤ አንድ ቃል አልተለወጠም።

ለፋሲካ ብቻህን አትሁን። አምስተርዳም ወይዘሮ ስመኝ ቤት ሂድ፤ ለእሳቸውም ጽፌላቸዋለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አበጋዝ

---

ሮተርዳም፣ ግንቦት 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለጋሼ አበጋዝ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፖስታው ተከፍቶ፣ ፋሲካ ካለፈ በስንት ጊዜው ትናንት ደረሰኝ። ወይዘሮ ስመኝ ሁለት ጊዜ ስልክ ደውለው «ና» ብለውኝ ነበር፤ ተረኛ ስለሆንኩ አልሄድኩም። ዶሮ ሊያበሉኝ ፈልገው መሆን አለበት።

ስልሳ አንድ! ከልቤ አመሰግናለሁ፤ እጅዎ ይባረክ። ሌሊቱን ሠንጠረዡን ሠራሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ቁጥር ስልሳ አንድ፦ ሴት፣ ዕድሜ ስልሳ ሁለት፣ በሦስተኛ ቀኗ የመጣች፣ አሥራ ስምንት ሰዓት የተጠበቀች፣ የሞተች። የመጨረሻዋ ሆና ውጤቴን አበላሸችብኝ! እስቲ መዝገቡን ይመልከቱልኝ፤ ሌላ ሕመም ነበረባት እንዴ? ልብ ወይም ስኳር? እንደዚያ ከሆነ ላወጣት እችላለሁ።

ስለ እናቴ ምንም አልጻፉልኝም። ጎተራው አለቀ?

ባዩ

---

ሮተርዳም፣ ሐምሌ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለዶክተር አበጋዝ፣

ቅዳሜ በጠዋት በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ስመኝ ናቸው፤ ስድስት ሰዎች አስከትለው ከአምስተርዳም በባቡር መጥተዋል። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ያን ገደል ደረጃ አንድ በአንድ ሲወጡ ከላይ ሆኜ አየኋቸው፤ ማንም ሳይናገር ገባኝ። ጎረቤቴ ሆላንዳዊቷ ጩኸቱን ሰምታ ፖሊስ ጠራች።

መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ ወጉን አውቃለሁ። ግን እናቴን በቁጥር ጽፈው ላኩልኝ! «ውጤቴን አበላሸችብኝ» ብዬ በገዛ እጄ ስጽፍልዎት እሷ ከተቀበረች ሦስት ወር አልፏት ነበር። እንዴት ያስችልዎታል?

ለምን ጠበቁ? በሦስተኛ ቀኗ የመጣችን ሴት አሥራ ስምንት ሰዓት ለምን ጠበቁ? እኔ ባልነግርዎ እርስዎ አያውቁም? ያሳደገችዎትን!

ባዩ

---

ወሎ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለባዩ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። መዝገብ ላይ መዋሸት አልቻልኩም፤ መርዶ በደብዳቤ መጻፍም አልቻልኩም። በመካከሉ ያ ሆነ። ጥፋት ነው፤ አጥፍቻለሁ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ሐሙስ በቀትር በቃሬዛ አመጧቸው። ሆዳቸው ጠንከር ብሏል፣ ግን ያጠራጥራል። እጄ «ክፈት» አለኝ፤ ወረቀቱ «ጠብቅ» አለኝ። ያቺ ልጅም ዓይኔ ላይ አለች። እትዬን በከንቱ ከፍቼ እንደ እሷ ሳይነቁ ቢቀሩብኝስ አልኩ። በየሦስት ሰዓቱ ዳሰስኳቸው። ሊመሽ ሲል ሕመሙ ለቀቃቸው። «አበጋዜ፣ ተሻለኝ፤ አንተም ሂድና እህል ቅመስ» አሉኝ። ተማሪዎቼን ጠርቼ «አያችሁ!» አልኳቸው። ለካስ ሕመሙ የለቀቃቸው ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኖሯል። ሲነጋ ብከፍት ሆዳቸው መግል ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን አረፉ። በለቅሶው ላይ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ሲሉ ሰማሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

በሰኔ ለስብሰባ አዲስ አበባ ወረድኩና ያንን መጽሔት ከቤተ መጻሕፍት አስወጥቼ ሙሉውን አነበብኩ። አንተ ከተውከው ገጽ ላይ አንዲት መስመር አለች፦ ሕመሙ ከጀመረው ሁለት ቀን ያለፈው ሰው በጥናቱ አልተካተተም። ጣቴን መስመሯ ላይ እንዳደረግሁ ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ነው ብለው አስነሱኝ።

ፖስታውን ቀጭን አድርግ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ያን ገጽ የተውከው አንተ ነህ። ይህን ተካፍለን አንጨርሰውም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔ ያለዚያ ገጽም አውቀው ነበር! «ለመጠበቅ የተረፈ ሰዓት የለውም» ብዬ ገና መጀመሪያ የጻፍኩልህ እኔው ነኝ። ሃያ ዓመት በእጄ ያወቅሁትን አራት ገጽ አስጣለኝ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። አምስቱ ልጆች በየሄዱበት በእኔ ትምህርት እየጠበቁ ነው። «በሦስተኛ ቀኑ የመጣውን አትጠብቁ» ብዬ ለሁሉም ጻፍኩ። ሁለቱ ብቻ መለሱ፤ አንደኛው «የታተመ ማስረጃ ካለዎት ይላኩልን» ይለኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ስለዚህ መጽሐፍህ ውስጥ ጻፈው። ስልሳ አንደኛዋ እንዴት እንደሞቱ፣ ማን እንደጠበቀ፣ ለምን እንደሞቱ ጻፍ። ስሜንም ጻፍ። ከታተመ ይሰሙታል። ሌላ ማንም በዚህ እንዳይሞት ነው የምለምንህ።

አበጋዝ

---

ሮተርዳም፣ ጥር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር አበጋዝ፣

ባሉበት ሰላምና ጤና እመኝልዎታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጽሐፉ ታትሟል፤ አንድ ቅጂ ልኬያለሁ። የማዕረጉ በዓል በታኅሣሥ ተደረገ። ጅራት ያለው ኮት ተውሼ ለበስኩ። ተመራቂው አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠየቃል፤ ሰዓቱ ሲሞላ በትር የያዘ ሰው ገብቶ ወለሉን ይመታና ጥያቄው እዚያው ላይ ይቆማል። አንድ ፕሮፌሰር ዘግይተው ስለሚመጡ በሽተኞች ጠይቀውኝ ልመልስ አፌን ስከፍት በትሩ መታ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ።

በሆስፒታሉ በቋሚነት ተቀጥሬአለሁ። የመኖሪያ ፈቃዱንም አግኝቻለሁ። በመቅድሙ ላይ ውለታዎን አመስግኛለሁ።

ለእናቴ መቃብር ሐውልት ማሠሪያ መላክ እፈልጋለሁ። ስንት እንደሚፈጅ ይጻፉልኝ።

ባዩ

---

ወሎ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለዶክተር ባዩ፣

ለማዕረግህ እንኳን ደስ አለህ። መጽሐፉ ደርሷል። በመቅድሙ ስሜን አይቻለሁ፤ በደንብ ነው የተጻፈው።

ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ያለውን ሠንጠረዥም አየሁ። የተጠበቁ በሽተኞች፦ ስልሳ። የሞተ፦ የለም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ፈለግሁ፤ እትዬ የሉም።

«ዘግይታ ስለመጣች በደንቡ መሠረት ወጣች» ትለኝ ይሆናል። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፣ ባዩ። ከስልሳዎቹ አሥራ አንዱ በሦስተኛ ቀናቸው የመጡ ናቸው። እነሱን አላወጣሃቸውም፤ እግዜር ብሎላቸው ስለዳኑ። ያወጣኸው የሞቱትን ብቻ ነው። እኔ ገደልኳቸው፤ አንተ ጭራሽ አልነበሩም አልክ። አዳራሹ ሲስቅ አንተም አብረህ ሳቅህ? ሐውልቱ ይቅርብን። ድንጋይ እዚህ ሞልቷል።

ብርነሽ የምትባል ጎበዝ ተማሪ አለችኝ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ገበሬ በሦስተኛ ቀኑ መጣ። «ይከፈት» አልኩ። መጽሐፍህን ገልጣ «ዶክተር፣ ቢጠበቅስ? የሞተ የለም ይላል» አለችኝ፣ በሽተኛው ፊት። «አንዲት ሴት ሞተዋል። የጠበቅሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ታዲያ ለምን እዚህ የሉም?» አለች። ገበሬውን ከፈትነው፤ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም ነበር። ድኗል።

መዝገቡን አሳይቼ «ጸሐፊውን ጠይቂው» ብዬ አድራሻህን ሰጥቻታለሁ። ለእኔ መልስ አልፈልግም። ለእሷ ጻፍላት።

አበጋዝ

---

ሮተርዳም፣ ኅዳር 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብርነሽ፣

ሳንተዋወቅ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርብልሻለሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ሳምንት በካፖርቴ ኪስ ይዤው ዞርኩ። አራት ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ፤ አራቱም ትክክል ናቸው። መዝገቡና መጽሐፉ አይገናኙም።

ስልሳ አንደኛዋ ወለተጊዮርጊስ ትባላለች። እናቴ ናት። ያወጣኋት እኔ ነኝ። ፕሮፌሰሩ አላዘዙኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። እሷን «የሞተ» በሚለው ዓምድ ሥር መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበር። ውሸት ነው። ገና እናቴ መሆኗን ሳላውቅ ነው ላወጣት ያሰብኩት። ከወጣች ምዕራፉ ያምር ነበር፣ ምዕራፉ ካማረ መጽሐፉ ያልፋል፣ መጽሐፉ ካለፈ እዚህ እቀራለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዶክተር አበጋዝ የሚሉሽን ስሚ። በሦስተኛ ቀኑ የመጣን ሰው አትጠብቂ። ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ስልሳን ሰርዘሽ ስልሳ አንድ በይው፤ «የለም» የሚለውን ሰርዘሽ አንድ ብለሽ ጻፊ። በእስክሪብቶ ይሁን፣ በእርሳስ አይሁን።

ከመጽሐፉ ግን ሦስት መቶ ቅጂ ወጥቷል። ለመጽሔት ማስተካከያ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ከታወቀ ሥራዬም ማዕረጌም እዚያው ላይ ያከትማል። እስከ ዛሬ አልጻፍኩም። ባለፈው ወር ከሱዳን አንድ ሐኪም «በመጽሐፍዎ መሠረት እኛም መጠበቅ ጀምረናል» ብሎ የምስጋና ደብዳቤ ላከልኝ። በሽተኞቹ በስንተኛ ቀናቸው እንደሚደርሱለት አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ባዩ